ጋሽ ሌሊሳ ሊነዷት ስላልቻሉት «ፉል ኦፕሽን» መኪና

ለተከበሩ ወንድም ተሾመ፤
የፋርዋኒያ የዓርብ ጸሎት ኅብረት ሰብሳቢ፣ የኅብረቱ የመኪና ግዢ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የዚያው ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ፣ እንዲሁም የገንዘብ ያዡ ተቆጣጣሪ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም እንዲበዛልዎ እመኛለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የደም ግፊትዎስ ረገብ አለልዎ? እግዚአብሔር ዕድሜና ሙሉ ጤና ይስጥዎ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ይህ ደብዳቤ በኅብረቱ የስልክ ቡድን ላይ ሲወጣ፣ በፋርዋኒያው ቤት በር ላይ ሲለጠፍና እኅቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሲነበብ፣ እርስዎ በሕይወት ኖረው፣ ጆሮዎ በደንብ እየሰማ፣ ዓይንዎም በደንብ እያየ እንዲደርሱበት አጥብቄ እፈልጋለሁና።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ራሴን ላስታውስዎ። ፍሬሕይወት ነኝ፤ እዚህ ኩዌት፣ ሰልዋ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ቤት የምሠራ፣ እርስዎ እስካገዱኝ ቀን ድረስም ከመዘምራኑ ጋር የምቆም። ኅብረታችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እርስዎ የሚያውቁት ስለሆነ እስከዚያ ሻይዎን ቢጠጡ አልቀየምም።

ጋሽ ሌሊሳ ጃብሪያ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበሩ። ከእርስዎ በፊት ያገለገሉን እሳቸው ናቸው። ማዕረግ አልነበራቸውም፤ ስልካቸው ግን ሁልጊዜ ይነሣ ነበር። ማዳሟ ያባረረቻት፣ ደመወዟን የተከለከለች፣ ታማ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ያጣች ሁሉ የምትደውለው ለእሳቸው ነበር። እኔም ሆዴን ይዤ ኩሽና ወለል ላይ ስንከባለል፣ ማዳሜ «ፓናዶል ውሰጂ፣ ነገ ይሻልሻል» ባለችኝ ቀን፣ የአሠሪያቸውን መኪና ለምነው መጥተው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። አምስተኛው ቀለበት መንገድ ላይ ስንደርስ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ከኋላ በርሮ መጥቶ ገጨን። እኔ በተአምር ተረፍኩ፤ ሐኪሞቹም የፈነዳ ትርፍ አንጀቴን አውጥተው አዳኑኝ። የጋሽ ሌሊሳ አንገት ግን ተሰብሮ በብረት ተያያዘ። ከዚያ ወዲህ ጎናቸውን ለማየት ከወገባቸው ጀምረው መላ አካላቸውን ማዞር ግድ ሆነባቸው። አሠሪያቸውም «አንገቱ የማይዞር ሾፌር ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ኢቃማቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ሰረዘና ወደ አዳማ ሸኛቸው።

ከመሪ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁ ሰው ቤታቸው ቁጭ አሉ። ቆይተው ግን አዳማ ያለ ሐኪም፣ ዙሪያውን የሚያሳይ ካሜራና ከጎን የሚመጣውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ያለው መኪና ካገኙ መንዳት እንደሚችሉ ነገራቸው። እኛ እኅቶችም ይህን ስንሰማ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተን ልንልክላቸው ተስማማን፤ አገር ቤት የነዳጅ መኪና ማስገባት ቀርቷልና። ታክሲ ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳድጉበት አልን። ያ ካሜራና ያ ማስጠንቀቂያ ለሌላ ሰው ቅንጦት ነው። ለእሳቸው አንገት ነው። እርስዎም ይህን ያውቁ ነበር፤ ለዚሁ ጉዳይ እጅዎን ጭነው ጸልየዋልና።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የመኪኖቹን ዋጋና ኦፕሽን እንዳጣራ ኅብረቱ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። የማዳሜ ልጅ ሉብና የራሷን የኤሌክትሪክ መኪና ሸጣ ሌላ የገዛች ሰሞን ስለነበር፣ ልብስ እየተኮስኩላት ጠየቅኳት፤ እሷም ሳትሰለች አስረዳችኝ። በስምም በቀለምም አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ አንዱ ባዶ፣ ሌላው ሙሉ ሊሆን እንደሚችል፣ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ማንም ገዝቶ ሊለጥፈው እንደሚችል፣ የማይዋሸው የሻንሲ ቁጥሩ ብቻ እንደሆነ፣ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ሲያስገቡት ፋብሪካው የገጠመውን አንድ በአንድ እንደሚዘረዝር አሳየችኝ። ዋጋ የሚተመነውም በዚያ ዝርዝርና በባትሪው ጤንነት እንጂ በቀለሙ ማማር እንዳልሆነ ነገረችኝ። ይህንን ሁሉ ይዤ ስመጣ፣ እርስዎ በጉባኤው ፊት ፈገግ ብለው «እኅት ፍሬሕይወት፣ ጴጥሮስ ባሕሩ ላይ ሲራመድ ጥልቀቱን ለካ እንዴ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አፍሬ ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ምዕራፉን ሳነበው ጴጥሮስ መስጠም ጀምሮ እንደነበር አገኘሁ። እሱንስ እጁን የያዘው ጌታ ነው። የእኛን እጅ የያዙት ግን እርስዎ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ለፍጥነትዎ። በሚቀጥለው ዓርብ ከሹዌኽ የመኪና ገበያ የአንዲት ብርማ መኪና ፎቶ ይዘው መጡና «ፉል ኦፕሽን ናት፤ ካሜራው፣ ማስጠንቀቂያው፣ ሁሉም አላት፤ አንዲት ዶክተር ቤትና ሥራ ብቻ የነዳቻት ናት» አሉን። የሻንሲ ቁጥሯን ስጠይቅዎ «ወንድምሽን እንደ ሌባ ትመረምሪያለሽ?» አሉኝ። አስተያየትዎን ተቀብያለሁ። ሆኖም በኅብረታችን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ የሐኪም ወረቀት ካላመጡ አልባርክም የሚሉት እርስዎ ስለሆኑ፣ መርምሮ ማመንን ከማን እንደተማርኩት ግራ ገብቶኝ ነበር። የኋላ ካሜራው ሲሠራም በቪዲዮ አሳዩን። እኅቶች አለቀሱ። አንዳንዶቹ ወደ እናታቸው የሚልኩትን ለዚያ ወር አስቀርተው ሰጥተው ነበር። እርስዎ አራት ሺህ ሦስት መቶ ዲናር ተቀበሉ፤ ለመላኪያው ደግሞ ሌላ ሰበሰብን። መኪናዋ በጅቡቲ በኩል አልፋ ስትገባ ያደረጉት የምስጋና ፕሮግራም እጅግ ደማቅ ነበር፤ በመኪና ቅርጽ የተጋገረውን ኬክ የቆረሱትም እርስዎ ነበሩ።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ፌዙን ትቼ የሆነውን ብቻ ልንገርዎ።

ጋሽ ሌሊሳ የደወሉልኝ ቀን ከደስታቸው የተነሣ ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። መረቁን፤ የሁላችንንም ስም እየጠሩ መረቁን። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እኛን እንዳያሳዝኑ እየተጠነቀቁ፣ «ልጄ፣ ያ የጎን ማስጠንቀቂያ የሚበራው የቱ ጋ ነው? ስክሪኑን ሁሉ ነካካሁት፤ ምናልባት እኔ ሳላውቅበት ይሆናል» አሉኝ። የኋላ ካሜራውም በሙጫ የተለጠፈ ኖሮ ሲያጥቧት ወልቆ እጃቸው ላይ ቀርቷል። መስታወቱ ሥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ባለቤታቸው አነበቡልኝ። አስገባሁት፤ የፋብሪካው ዝርዝር መጣ። የዙሪያ ካሜራ የለም። የጎን ማስጠንቀቂያ የለም። ከዚያ ስም ከወጡት መኪኖች ሁሉ የመጨረሻዋ ባዶ፣ ነጋዴዎቹ «ቤዝ» የሚሏት፣ እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይንዷት» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉኝ። ነገር ግን የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር። መኪና በር ላይ ቆሞ ሥራ ፈት መሆን ጎረቤት ፊት እንዴት እንደሚያሳፍር እርስዎም ይገምቱታል። ወጡ። አንድ ቀን ተሳፋሪ አውርደው ወደ ግራ ሲታጠፉ፣ በጎናቸው የመጣ ባጃጅ አልታያቸውም። የባጃጁ ልጅ ተገልብጦ ትከሻው ተሰበረ። ያለቻቸውን ጥሪት ለሕክምናው ከፈሉ፤ በሽማግሌም ታረቁ። ሲደውሉልኝ «እኔ መሪ የያዝኩት ሰው ላነሣበት እንጂ ሰው ልሰብርበት አልነበረም» አሉ። ቁልፉን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልነኩትም።

ዝርዝሩን አትሜ፣ የሌሉትን ኦፕሽኖች በቀይ አስምሬ፣ ጠርዙ ላይ በእጄ «ቤዝ ነው፤ ፉል አይደለም» ብዬ ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ በቡድኑ ላይ ለጠፍኩት። እርስዎ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሳይቆዩ አጠፉት። በዚያው ዓርብ ጠላት በመካከላችን መግባቱን ሰበኩና «እስክትታደስ ድረስ» ከመዘምራን አገዱኝ። ድምፄ ድሮም ወፍራም ነበር፤ ለመዝሙሩ ስለተጠነቀቁለት አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ዓርቤን ነፃ ስላደረጉልኝ። መዝሙር ስለቀረብኝ አውቶቡስ ይዤ ሹዌኽ ወረድኩ። ሻጩን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሙንዚር ይባላል፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያገለገሉ መኪኖችን ይሸጣል። እርግጡን ልንገርዎ፣ ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ፎቶዋን ሳሳየው ወዲያው ለያት።

«ይቺን? ለአንድ ወንድም ሸጫታለሁ። ተሾመ ለሚባል።»

«ፉል ኦፕሽን ብለህ?»

ሰውየው ተናደደ። «እኅቴ፣ ቤዝ ናት ብዬ፣ በቤዝ ዋጋ ነው የሸጥኳት። ካሜራ እንኳ የላትም ስለው ‹ርካሽ ነገር ለጥፍባትና ቪዲዮ ቅረጽልኝ› አለኝ። ለራሱ የሚነዳት መስሎኝ ነበር።» ስልኩን አውጥቶ ከእርስዎ ጋር የተጻጻፈውን አስነበበኝ፤ ለእኔም ላከልኝ። ዋጋው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዲናር ነበር። በመካከሉ ያለውን ልዩነት አንዲት የቤት ሠራተኛ ለዘጠኝ ወር መጸዳጃ ቤት አጥባ ታገኘዋለች።

መኪናዋ ለማን እንደተገዛች፣ አንገታቸው ምን እንደሆነ ነገርኩት። ራሱን ይዞ መከዳው ላይ ተቀመጠ። «ወላሂ ቢነግረኝ ኖሮ ያኔ አጠገቧ የቆመችውን እሰጠው ነበር። እሷ ካሜራውም፣ የጎኑም፣ ሁሉም ከፋብሪካ ነበራት።»

«ዋጋዋስ?» አልኩት።

ሲነግረኝ እኛ ለእርስዎ ከሰጠንዎት ያንስ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁለት ጊዜ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ትክክለኛዋ መኪና አጠገቧ ቆማ ነበር። ገንዘቡ በኪስዎ ነበር። ሁለቱንም እያዩ መረጡ። ሌባ ብዬ አልጠራዎትም፤ ሌባ ቢያንስ የሚሰርቀውን ሰው ፊት አያውቅም።

አምስተኛ፣ ስለ ልዩነቱ በስልክ ስጠይቅዎ «የማስተባበሪያ ወጪ ነው» ብለው በአጭሩ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ካርድ አስቆጥበውኛል።

ስድስተኛ፣ ይህኛው ምስጋና የደራሲነት ነው። ጋሽ ሌሊሳ መኪናዋን ሊሸጧት እንደሆነ በሰሙ ጊዜ እርስዎ በርኅራኄ ገዢ እፈልግልዎታለሁ ብለዋቸው ነበር፤ ፈልገውም አላጡም። ከአዲስ አበባ አንድ ጨዋ ሰው አዳማ ድረስ መጡላቸው፤ ጠረጴዛው ላይም አንድ ወረቀት ዘርግተው «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ፉል ኦፕሽን አይደለችም፤ ማስረጃው ይኸው» እያሉ ከዋጋው ቆረጡ፣ ደግመውም ቆረጡ። ጋሽ ሌሊሳ እውነት መሆኑን ስለሚያውቁ መከራከር አልቻሉም፤ ዕዳም ነበረባቸው፤ በባዶ ዋጋ ሸጡላቸው። ኋላ «እንዲህ ያለ ወረቀት አመጣብኝ» ብለው ፎቶውን ሲልኩልኝ፣ ቀይ መስመሩ የእኔ ቀይ መስመር፣ ጠርዙ ላይ ያለውም የእጅ ጽሑፍ የእኔው ነበር። ከቡድኑ ያጠፉትን ጽሑፍ ለካ እርስዎ ዘንድ አስቀምጠውት ኖሯል! እኔ ስጽፈው የጠላት ሥራ ነበር። እርስዎ ሲገዙበት ማስረጃ ሆነ። ጽሑፌን እንደዚያ በጥንቃቄ ያነበበልኝ ሰው ከእርስዎ በፊት አልነበረም።

የጨዋው ሰው ስም አቶ በየነ ነው። አዲስ የመኪና ንግድ ሊከፍት ነው ብለው ሁለት ዓርብ ሙሉ ያስጸለዩን፣ የባለቤትዎ ወንድም በየነ። ጸሎታችን መመለሱን እንዲህ በዓይናችን ስላሳዩን ክብር ለእርስዎ ይሁን።

አቶ በየነም ሳይውሉ ሳያድሩ መኪናዋን ለገበያ አወጧት። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አይቼዋለሁ። «ፉል ኦፕሽን» ይላል። ስለዚህ አንዲቱ መኪና እኛ ስንገዛት ሙሉ፣ ጋሽ ሌሊሳ ሲሸጧት ባዶ፣ የእርስዎ ዘመድ እጅ ስትገባ ደግሞ እንደገና ሙሉ ሆነች። ሙታን የሚነሡባቸው ስብሰባዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ካሜራ ያለ ፋብሪካ ሲበቅል ግን በእርስዎ አገልግሎት የመጀመሪያው ነው።

ያለፈውን ዓርብ የሚያስታውሱት ይመስለኛል። ከሙንዚር ያገኘሁትን የእርስዎን መልእክት ይዤ ተነሥቼ ማንበብ ስጀምር «ይህ በጸሎት የሚፈታ ነው፤ ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍን» አሉ። ጸሎትዎ ረጅም ነበር። መጀመሪያ የተነሣችው ቆንጂት ናት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። የወንበር ድምፅ እንኳ አላሰማንም፤ የሰው ቤት ስናጸዳ የተኛ ሳንቀሰቅስ መሄድ ለምደናል። ዓይንዎን ሲገልጡ ያገኙት ከራስዎና ከኪቦርድ ተጫዋቹ በቀር ባዶ ወንበር ነበር ብሎ የነገረኝ ራሱ ተጫዋቹ ነው። እሱም የቀረው ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ነው፤ አሁን ከእኛ ጋር ነው። እኛ በአንዲት እኅት ቤት እንሰበሰባለን፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሊቀመንበር የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።

ጋሽ ሌሊሳ ከባለቤታቸው ጋር በቤታቸው በር ላይ የስልክ ቀፎ መሸፈኛና ቻርጀር ይሸጣሉ። ደንበኛ በጎናቸው ሲመጣ ስለማያዩት ባለቤታቸው ትከሻቸውን ነካ ያደርጓቸዋል። እንደገና አዋጥተን እንላክልዎ ብንላቸው «በቃችሁ፤ እኔን ብላችሁ እናታችሁን አትከልክሉ» አሉን። በእርስዎም ላይ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ይህ የእሳቸው ድክመት ነው፣ እኔ የለብኝም። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማስተባበሪያ ወጪ ያሉትን በሙሉ ለእሳቸው ይላኩላቸው። እስኪልኩ ድረስ ይህ ደብዳቤ ዓርብ ዓርብ ይነበባል። ንባቤ ከመዝሙሬ ይሻላል ይላሉ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለባለቤትዎ ወንድም ያለኝን ልዩ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በየትኛውም አደባባይ፣ በማንኛውም ሰው ፊት ይህንኑ ቃል በቃል ልደግምልዎ ዝግጁ መሆኔን በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ።

እስክታደስ የታገድኩት እኅትዎ፣
ፍሬሕይወት
ሰልዋ፣ ኩዌት

ማሳሰቢያ፦ ሉብና ከመኪናው ወኪል የጥገና ማዕከል ጠይቃልኝ የነበረው የመኪናዋ ታሪክ የደረሰኝ በዚህ ሳምንት ነው። ከመሸጧ በፊት በዝናብ ጊዜ ድልድይ ሥር ውኃ ውስጥ ቆማ ባትሪዋ ተጎድቷል፤ መቀየር እንዳለበትም ተጽፎባታል፤ የባትሪው ዋጋ ደግሞ ከመኪናዋ ብዙም አያንስም። ሙንዚር ከጨረታ ሲገዛት ይህን አላወቀም። እኔ እንዳነበብኩት ወዲያው ለእርስዎ ደወልኩ፤ ዘመድዎ ሰው ሳያታልሉ በፊት ይወቁት ብዬ። ቁጥሬን አግደውታል። አማራጭ ስላጣሁ ወረቀቱን ከአቶ በየነ ማስታወቂያ ሥር ለጠፍኩት፤ ገዢዎችም እያነበቡት ነው። እንግዲህ ያቺ መኪና ባትሪዋ ሳይሞት ከጋሽ ሌሊሳ ትከሻ ላይ ወርዳ በእናንተ ቤት መቅረቷ የእርስዎ ስስት የሠራው ብቸኛ በጎ ሥራ ነው። ለዚህኛው፣ ያለ ምንም ፌዝ፣ አመሰግንዎታለሁ።